ሰር ቻርልስ ኪንግስፎርድ ስሚዝ፦ ፓስፊክን በአየር ያቋረጡት አውስትራሊያዊ አብራሪ

ከአሜሪካዋ ሳን ፍራንሲስኮ እስከ አውስትራሊያዋ ሲድኒ ያለው የአየር ርቀት ወደ 12 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በአሁኑ ወቅት አንድ መንገደኛ ከሳን ፍራንሲስኮ ተሳፍሮ ያለ አንዳች ማረፊያ 15 ሰዓት ያህል ከበረረ በኋላ ሲድኒ ይደርሳል። ይኸው ጉዞ በ1920ዎቹ በመርከብ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጅ ነበር። በሁለቱ አህጉራት መካከል የተዘረጋውን ግዙፍ ውቅያኖስ በአየር ማቋረጥ ይቻላል ብሎ ገንዘቡን የሚያወጣ ባለሀብትም ሆነ መንግሥት ማግኘት በዚያን ጊዜ ቀላል አልነበረም። ይህን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1928 ለመጀመሪያ ጊዜ በአየር ያቋረጠችውን አውሮፕላን የመሩት ሰር ቻርልስ ኪንግስፎርድ ስሚዝ ናቸው። የሕይወት ታሪካቸው በአብዛኛው በድል የተሞላ ሆኖ ቢተረክም፣ ለርቀት ማጠር የተከፈለውን ዋጋ ያህል በግልጽ የሚያሳይ ታሪክም ጥቂት ነው።

ቻርልስ ኤድዋርድ ኪንግስፎርድ ስሚዝ እ.ኤ.አ. የካቲት 9 ቀን 1897 በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ክፍለ ግዛት፣ በብሪዝበን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ። ቤተሰቡ እርሳቸው ገና ሕፃን ሳሉ ወደ ካናዳ ተጉዞ ጥቂት ዓመታት ከቆየ በኋላ ወደ ሲድኒ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1907 መጀመሪያ ላይ የአሥር ዓመት ልደታቸውን ለማክበር ጥቂት ሳምንታት ሲቀራቸው፣ በሲድኒ ቦንዳይ የባሕር ዳርቻ ሲዋኙ ማዕበል ወስዷቸው ነበር፤ በአካባቢው የነበሩ ዋናተኞች ደርሰው ከሞት አተረፏቸው። ይህ የልጅነት አጋጣሚ ቀላል ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከውኃ በላይ ሲበሩ የኖሩት ሰው ውኃን ይፈሩ እንደነበር ስለሚታወቅ፣ ታሪካቸውን የጻፉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ያለ ምክንያት አይደለም።

ወጣቱ ኪንግስፎርድ ስሚዝ የቴክኒክ ትምህርት ተከታትለው በ16 ዓመታቸው በአንድ የስኳር ኩባንያ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሙያ ተለማማጅነት ተቀጠሩ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳም ለውትድርና ተመዝግበው በጋሊፖሊ ግንባር መልእክት በሞተር ብስክሌት በማድረስ አገለገሉ። ከዚያም ወደ ብሪታንያ የበረራ ጓድ ተዛውረው እ.ኤ.አ. በ1917 የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ለመሆን በቁ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በአየር ላይ ውጊያ እግራቸው ላይ በመቁሰላቸው ሁለት ጣቶቻቸው ተቆርጠዋል። ለፈጸሙት ጀግንነትም ሚሊተሪ ክሮስ የተሰኘው ሜዳሊያ ተሸልመዋል።

ጦርነቱ ሲያበቃ የአውስትራሊያ መንግሥት ከእንግሊዝ ተነስቶ በ30 ቀናት ውስጥ አውስትራሊያ ለሚገባ የመጀመሪያ አውስትራሊያዊ አብራሪ 10 ሺህ ፓውንድ ለመሸለም ቃል ገባ። ኪንግስፎርድ ስሚዝ ለመወዳደር ቢዘጋጁም፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ቢሊ ሂዩዝ በቂ የበረራ መስመር ቅየሳ ልምድ የላቸውም በሚል ምክንያት ሳይፈቅዱላቸው ቀሩ። ሽልማቱን ሮስ ስሚዝ እና ኪት ስሚዝ የተባሉት ወንድማማቾች ከ28 ቀናት ባነሰ ጊዜ ዳርዊን በመግባት ወሰዱት። የሚያስገርመው እርሳቸው በዚህ አለመበሳጨታቸው ሳይሆን፣ ከዚህ የባሰ አስቸጋሪ መንገድ መምረጣቸው ነው። ከእንግሊዝ ወደ አውስትራሊያ የሚወስደው መስመር በአብዛኛው በየብስ ላይ የሚያልፍና በየመንገዱ ማረፊያ የሚገኝበት ሲሆን፣ የፓስፊኩ ግን ከውኃ በቀር ምንም የሌለበት ነበር። ወደ ካሊፎርኒያ ተጉዘው ለዚህ በረራ ድጋፍ ቢፈልጉም የሚያምናቸው አላገኙም፤ በፊልም ሥራዎች ላይ አደገኛ የበረራ ትርኢት በማሳየት ኑሯቸውን ከገፉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1921 ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በምዕራብ አውስትራሊያ በተቋቋመው አየር መንገድ ውስጥ ተቀጥረው በአገሪቱ ከነበሩት የመጀመሪያዎቹ የመደበኛ በረራ አብራሪዎች አንዱ ሆኑ። ቀጥሎም ከባልደረባቸው ከኪት አንደርሰን ጋር በካርናርቨን ከተማ የጭነት መኪና ማመላለሻ ድርጅት አቋቋሙ። ድርጅቱን ሸጠው ባገኙት ገንዘብም ሁለት አሮጌ አውሮፕላኖች ገዙ። እ.ኤ.አ. በ1927 ቻርልስ ኡልም ከተባሉት ሌላ ሸሪካቸው ጋር አውስትራሊያን ዙሪያዋን በ10 ቀናት ከ5 ሰዓት በመብረር ክብረ ወሰን አስመዘገቡ። ኡልም የሒሳብና የድርጅት ሥራ ያውቁ ነበር፤ ኪንግስፎርድ ስሚዝ ደግሞ የአብራሪነት ችሎታና ሰውን የመማረክ ተሰጥኦ ነበራቸው። ሁለቱ ባይገናኙ ኖሮ የፓስፊኩ በረራ እውን ይሆን ነበር ማለት ያዳግታል።

የአገር ዙሪያው በረራ ያስገኘላቸው ዝና የኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ግዛት መሪ የነበሩትን የጃክ ላንግን መንግሥት ድጋፍ አስገኘላቸው። በዚህ ገንዘብ አሜሪካ ተሻግረው ባለ ሦስት ሞተር ፎከር አውሮፕላን ገዙ። አውሮፕላኗ ቀደም ሲል በአውስትራሊያዊው አሳሽ በሂዩበርት ዊልኪንስ እጅ ሆና በአርክቲክ አካባቢ ያገለገለች ነበረች። ሳውዘርን ክሮስ ወይም የደቡብ መስቀል ብለው ሰየሟት፤ ስሙ በደቡባዊው የምድር ክፍል ሰማይ ላይ ከሚታየው የኮከብ ስብስብ የተወሰደ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1927 በተካሄደው ምርጫ የላንግ መንግሥት ተሸንፎ ሌላ መንግሥት ሥልጣን ያዘ። አዲሱ መንግሥት የቀድሞውን ቃል ለማክበር ፈቃደኛ ባለመሆኑ፣ አውሮፕላኗን ሸጠው ወደ አገራቸው እንዲመለሱ መመሪያ ደረሳቸው።

በአዲሱ መንግሥት ላይ ለመፍረድ መቸኮል አይገባም። ከጥቂት ወራት በፊት፣ በነሐሴ 1927፣ ከካሊፎርኒያ ወደ ሃዋይ በተካሄደ የአየር ውድድር ሳቢያ የ10 ሰዎች ሕይወት ጠፍቶ ነበር። የሕዝብ ገንዘብ በተመሳሳይ አደጋ ላይ እንዳይውል ያሰበ ባለሥልጣን አላፊነቱን አልዘነጋም ማለት ይቻላል። አብራሪዎቹ ግን በዕዳ ተዘፍቀው፣ የሆቴል ሒሳብ መክፈል ተስኗቸው በባዕድ አገር ቀሩ። ገንዘብ ለማግኘት ሲሉ በአየር ላይ ለረጅም ሰዓት የመቆየት ክብረ ወሰን ለመስበር ደጋግመው ሞክረው ሳይሳካላቸው ቀረ። አብሯቸው የሄዱት ኪት አንደርሰንም ተስፋ ቆርጠው ወደ አውስትራሊያ ተመለሱ። በመጨረሻ አላን ሃንኮክ የተባሉ፣ በነዳጅ ዘይት የበለጸጉና የባሕር ጉዞ የሚወዱ የካሊፎርኒያ ባለሀብት አውሮፕላኗን ገዝተው ለበረራው ፈቀዱላቸው። ከበረራው በኋላም ዕዳቸውን ሰርዘው አውሮፕላኗን በስጦታ ሰጥተዋቸዋል።

በዚያን ዘመን የነበረ አውሮፕላን ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ አውስትራሊያ የሚያደርስ ነዳጅ መሸከም ስለማይችል ጉዞው በሦስት ተከፈለ። የመጀመሪያው ከሳን ፍራንሲስኮ ማዶ ካለችው ከኦክላንድ እስከ ሃዋይ፣ ሁለተኛው ከሃዋይ እስከ ፊጂ፣ ሦስተኛው ከፊጂ እስከ ብሪዝበን ነበር። ከኪንግስፎርድ ስሚዝና ከኡልም በተጨማሪ የበረራ መስመር ቀያሹ ሃሪ ላየን እና የሬዲዮ ባለሙያው ጄምስ ዋርነር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተሳፈሩ። በአብራሪዎቹና በኋላ በተቀመጡት ባለሙያዎች መካከል ትልቅ የነዳጅ በርሜል ተገጥሞ ስለነበር፣ በዚያ ላይ የሦስቱ ሞተሮች ጩኸት መነጋገርን ስለማይፈቅድ፣ መልእክት የሚለዋወጡት በወረቀት እየጻፉ በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ በማቀበል ነበር።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1928 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ሳውዘርን ክሮስ ከኦክላንድ ተነሳች። ወደ ሃዋይ የሚወስደውን 3 ሺህ 870 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በ27 ሰዓት ከ25 ደቂቃ አጠናቀቀች። ይህ ክፍል ከአንድ ዓመት በፊት በሁለት የአሜሪካ ጦር መኮንኖች ተበርሮ የነበረና በሬዲዮ ምልክት የሚታገዝ በመሆኑ ብዙ አላስጨነቃቸውም። እውነተኛው ፈተና ከሃዋይ በኋላ ያለው ነበር። ከሃዋይ እስከ ፊጂ ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ እስከዚያን ጊዜ ድረስ ይህን ያህል ርቀት በውኃ ላይ ብቻ የበረረ አውሮፕላን አልነበረም። በዚህ ርቀት ላይ አቅጣጫን በጥቂት ዲግሪ መሳት ማለት ደሴቶቹን ሳያዩ አልፎ ነዳጅ እስኪያልቅ ባዶ ባሕር ላይ መንከራተት ማለት ነው። ላየን የነበራቸው መሣሪያ ኮምፓስ፣ የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ የሚለካው ሴክስታንትና የሰዓት ቆጣሪ ሲሆኑ፣ ሰማዩ በደመና በተሸፈነበት ሰዓት ደግሞ ሴክስታንቱ ጥቅም አይሰጥም።

ለዚህ ረጅም ጉዞ የሚበቃውን ነዳጅ ጭና ለመነሳት አውሮፕላኗ ከተለመደው የላቀ የመንደርደሪያ ርቀት ያስፈልጋት ስለነበር፣ ካዋይ በተባለችው ደሴት የሚገኝ የባሕር ዳር ሜዳ ተመረጠ። በ34 ሰዓት ከ30 ደቂቃ በረራ ዝናብ፣ ነፋስና ጨለማ እየተፈራረቁባቸው የምድር ወገብን ተሻገሩ። እግረ መንገዳቸውንም ቀን የሚለወጥበትን ዓለም አቀፍ መስመር አለፉ። ሱቫ የምትባለው የፊጂ ዋና ከተማ የአውሮፕላን ማረፊያ አልነበራትም፤ አገሪቱም ከዚያ በፊት አውሮፕላን ሲያርፍባት አላየችም። የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር አልበርት ፓርክ በተባለው የስፖርት ሜዳ ዙሪያ የነበሩ ዛፎችን አስቆርጦና ሽቦዎችን አስነስቶ አዘጋጀ። ኪንግስፎርድ ስሚዝ ያችን ትልቅ አውሮፕላን በዚህ ጠባብ ሜዳ ላይ አሳርፈው፣ ሜዳው ሊያልቅ ሲል በማዞር አቆሟት። አራቱም ሰዎች ሲወርዱ ጆሯቸው በሞተር ድምፅ ደንቁሮ የሚነገራቸውን መስማት አልቻሉም ነበር።

ሦስተኛው ክፍል በርቀት አጭር ቢሆንም በአደጋ ረገድ የከፋው ሆነ። በሰኔ 8 ቀን ከፊጂ እንደተነሱ አንዱ ኮምፓስ ተበላሸ፤ ሌሊቱን ደግሞ ከባድ ማዕበል ገጠማቸው። ሁለቱ አብራሪዎች በዝናብ ተደብድበው፣ መሪውን በጋራ ይዘው ለሰዓታት ታገሉ። ሲነጋ የአውስትራሊያን የባሕር ዳርቻ ያዩት ካሰቡት ቦታ በስተደቡብ ርቀው ባሊና በተባለች ከተማ አቅራቢያ ነበር። ወደ ሰሜን ታጥፈው በሰኔ 9 ቀን 1928 ብሪዝበን ሲያርፉ ከ20 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ይጠብቃቸው ነበር፤ በማግስቱ በሲድኒ የተቀበላቸው ሕዝብ ቁጥር 300 ሺህ እንደሚሆን ተገምቷል። በጠቅላላው 11 ሺህ 890 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት በ83 ሰዓት ገደማ በረራ ተሸፍኗል። ይህም በአማካይ በሰዓት 143 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዛሬ በጥሩ አስፋልት ላይ የሚነዳ አውቶሞቢል ከዚህ ብዙም አያንስም።

በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ሳውዘርን ክሮስ ከሲድኒ ተነስታ በ14 ሰዓት ከ25 ደቂቃ የታስማንን ባሕር በማቋረጥ ኒው ዚላንድ ክራይስትቸርች ገባች። ከስምንት ወራት በፊት ይህንኑ ባሕር ለማቋረጥ የተነሱ ሁለት የኒው ዚላንድ አብራሪዎች ደብዛቸው ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ አቀባበሉ ታላቅ ሆነ። ኪንግስፎርድ ስሚዝና ኡልም የሕዝቡ ፍቅር በተሟሟቀበት ሰዓት የአውስትራሊያ ብሔራዊ አየር መንገድን በአክሲዮን አቋቋሙ።

እ.ኤ.አ. በ1929 ግን ነገሮች ተለወጡ። ለአየር መንገዳቸው አውሮፕላኖች ለመግዛት በመጋቢት 31 ቀን ከሲድኒ ወደ እንግሊዝ ሲበሩ በሰሜን ምዕራብ አውስትራሊያ በመጥፎ አየር ምክንያት መንገድ ጠፋባቸው። ነዳጃቸው ሲያልቅም በአንድ ወንዝ ዳር ረግረግ ላይ አረፉ። የሬዲዮ ማሰራጫው ኃይል የሚያገኘው አውሮፕላኗ በምትበርበት ጊዜ በነፋስ ከሚሽከረከር ማመንጫ ስለነበር፣ መሬት ላይ ሆነው መልእክት መላክ አልቻሉም። ሁለት ሳምንት ገደማ በረሃብ ከቆዩ በኋላ በአሰሳ አውሮፕላን ተገኙ። በእጃቸው የነበረውን ጥቂት ቡናና ብራንዲ ቀላቅለው በመጠጣታቸው ሥፍራውን ኮፊ ሮያል ብለው ሰይመውት ስለነበር ክስተቱ እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል።

በዚህ መካከል ኪት አንደርሰን ከፓስፊኩ በረራ በመቅረታቸው ቅር ተሰኝተው ጉዳዩን እስከ ፍርድ ቤት አድርሰውት የነበረ ቢሆንም፣ የቀድሞ ወዳጃቸው መጥፋታቸውን ሲሰሙ ቦብ ሂችኮክ ከተባሉት መካኒክ ጋር በትንሽ አውሮፕላን ለፍለጋ ተነሱ። በታናሚ በረሃ ላይ ሞተራቸው ተበላሽቶ ካረፉ በኋላ ዳግም መነሳት ሳይችሉ በውኃ ጥም ሞቱ። የጠፉት ተገኝተው ፈላጊዎቹ መሞታቸው ሕዝቡን አስቆጣ። አንዳንድ ጋዜጦችም መጥፋቱ ለዝና ሲባል ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ሲሉ ጻፉ። መንግሥት ያቋቋመው አጣሪ ኮሚቴ ምስክሮችን ሰምቶ ማረፉ የታቀደ እንዳልነበር ወሰነ። ሆኖም ለአደጋ ጊዜ የሚሆን በቂ ስንቅ ሳይይዙ መነሳታቸው የማይካድ ጉድለት ነበር። ኪንግስፎርድ ስሚዝ በሕግ ፊት ነጻ ቢወጡም በሕዝብ ዘንድ የነበራቸው ክብር ወደ ቀድሞው ቦታ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም።

በ1930 ሳውዘርን ክሮስን ይዘው ከአየርላንድ ኒውፋውንድላንድ በመግባት አትላንቲክን ወደ ምዕራብ አቋረጡ፤ ከዚያም በኒው ዮርክ በኩል ኦክላንድ በመድረስ የምድር ወገብን ጨምሮ ዓለምን የመዞር ጉዟቸውን አጠናቀቁ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ብቻቸውን በትንሽ አውሮፕላን ከእንግሊዝ ዳርዊን በ10 ቀናት ውስጥ ገቡ። ከዚያ በፊት ብቻቸውን የበረሩት በርት ሂንክለር ይዘውት የነበረው ክብረ ወሰን 15 ቀን ተኩል ነበር። በታኅሣሥ ወር ትዳር መሠረቱ።

አየር መንገዱም ከጥር 1 ቀን 1930 ጀምሮ ሲድኒን ከብሪዝበን፣ ቀጥሎም ከሜልቦርን ጋር በመደበኛ በረራ አገናኝቷል። በባቡር ሙሉ ቀንና ሌሊት የሚፈጀው መንገድ በጥቂት ሰዓታት የሚያልቅ ሆነ። ነገር ግን በመጋቢት 21 ቀን 1931 ሳውዘርን ክላውድ የተባለችው የድርጅቱ አውሮፕላን ሁለት የበረራ ሠራተኞችንና ስድስት መንገደኞችን ይዛ ከሲድኒ ወደ ሜልቦርን ስትበር ጠፋች። አውሮፕላኗ ከተነሳች በኋላ የአየር ትንበያው ተሻሽሎ ከባድ ማዕበል እንደሚጠበቅ ቢታወቅም፣ ሬዲዮ ስላልነበራት ለአብራሪው ማስጠንቀቂያ ማድረስ አልተቻለም። ኪንግስፎርድ ስሚዝ ራሳቸው በፍለጋው ላይ ተሰማሩ፤ ምንም አልተገኘም። ከዓለም አቀፉ የኢኮኖሚ ድቀት ጋር ተዳምሮ ይህ አደጋ አየር መንገዱን አከሰረው፤ በዚያው ዓመት አጋማሽ መደበኛ አገልግሎቱ ቆመ። የሳውዘርን ክላውድ ስብርባሪ የተገኘው ከ27 ዓመታት በኋላ፣ በጥቅምት 1958፣ በስኖዊ ተራሮች የኃይል ማመንጫ ግንባታ ላይ በተሰማራ ሠራተኛ ነው።

በ1932 ለአቪዬሽን ባበረከቱት አገልግሎት ሰር የሚለውን የክብር ማዕረግ ተቀበሉ። በኪሳቸው ግን ብዙም አልነበራቸውም። ሰር ቻርልስ በዚህ ማዕረግ ላይ ሆነው በየገጠር ከተማው እየዞሩ፣ ከሰው 10 ሽልንግ እያስከፈሉ በታዋቂዋ አውሮፕላናቸው ሕዝብ ያንሸራሽሩ ነበር። በ1933 ከእንግሊዝ አውስትራሊያ በ7 ቀናት ከ5 ሰዓት ገደማ ብቻቸውን በመብረር ሌላ ክብረ ወሰን አስመዘገቡ። በዚህ ወቅት ብቻቸውን በባሕር ላይ ሲበሩ ከባድ የድንጋጤ ስሜት እየደጋገመ ያጠቃቸው እንደነበር ይታወቃል። ሐኪም ዕረፍት ቢያዛቸውም፣ አዲስ ክብረ ወሰን ካልተሰበረ ጋዜጣ አይጽፍም፤ ጋዜጣ ካልጻፈ ነዳጅ የሚሰጥ ኩባንያ አይገኝም።

በ1934 የጥቅምት ወር የፓስፊክን ውቅያኖስ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከብሪዝበን ወደ ኦክላንድ፣ ከፓትሪክ ጎርደን ቴይለር ጋር በአንድ ሞተር አውሮፕላን አቋረጡ። እዚህ ላይ የአቅጣጫን ነገር ማንሳት ተገቢ ነው። በሁለት ከተሞች መካከል ያለው ርቀት በሄዱም በመጡም አንድ ቢሆንም የበረራው ጊዜ ግን አንድ አይደለም። በከፍተኛ የአየር ክልል ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ዛሬ ከሲድኒ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሚሄደውን አውሮፕላን ከኋላው እየገፋ ጊዜውን ከአንድ ሰዓት በላይ ያሳጥርለታል። በቀን መለወጫው መስመር ምክንያት ደግሞ ከሲድኒ እኩለ ቀን ላይ የተነሳ መንገደኛ ሳን ፍራንሲስኮ ሲደርስ ገና የዚያው ቀን ጠዋት ሆኖ ያገኘዋል። ኪንግስፎርድ ስሚዝ የበረሩት ዝቅ ባለ ከፍታ ስለነበር ይህ የላይኛው ነፋስ ብዙም አላገዛቸውም።

ከዚህ በረራ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በታኅሣሥ 1934፣ የቀድሞ ሸሪካቸው ቻርልስ ኡልም በሃዋይ አቅራቢያ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በባሕር ላይ ጠፉ። ላየንን፣ ዋርነርንና ኪንግስፎርድ ስሚዝን ከዳር ያደረሰው ውቅያኖስ ኡልምን አስቀራቸው።

ግንቦት 15 ቀን 1935 ያረጀችው ሳውዘርን ክሮስ የንጉሥ ጆርጅ አምስተኛን የብር ኢዮቤልዩ ምክንያት በማድረግ ፖስታ ጭና ወደ ኒው ዚላንድ ተነሳች። መንገዱ ሳይጋመስ ከመካከለኛው ሞተር የጭስ ማውጫ ቁራጭ ተገንጥሎ የቀኙን ሞተር ፕሮፔለር ሰበረ። ወደ ሲድኒ ሲመለሱ የግራው ሞተር ዘይት እያለቀበት ሄደ። በዚህ ጊዜ ቴይለር ከአውሮፕላኗ ወጥተው፣ ነፋሱ እየገፋቸው ክንፉን የሚደግፈውን ዘንግ ረግጠው፣ ከቆመው የቀኝ ሞተር ዘይት በፔርሙስ መያዣ እየቀዱ ወደ ግራው ሞተር አዛወሩ። ይህንን ስድስት ጊዜ ደጋገሙት። ኪንግስፎርድ ስሚዝ ከባሕሩ በላይ ጥቂት ከፍ ብለው አውሮፕላኗን ሚዛኗን ጠብቀው እየያዙ፣ ፖስታውንና ጭነቱን ወደ ባሕር አስጥለው ሲድኒ ደረሱ። ከዚህ በኋላ ከኒው ዚላንድ ጋር መደበኛ የአየር አገልግሎት ለመክፈት ያቀረቡት ሐሳብም የሚፈለገውን የመንግሥት ድጋፍ አላገኘም። በሐምሌ ወር የአውስትራሊያ መንግሥት ሳውዘርን ክሮስን በ3 ሺህ ፓውንድ ገዛቸው።

በቀሪ ዕድላቸው አንድ ተጨማሪ ክብረ ወሰን ለመያዝ ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ። በ1934 በተካሄደው ከለንደን እስከ ሜልቦርን ውድድር አሸናፊዎቹ መንገዱን በ71 ሰዓት ጨርሰውት ስለነበር ይህን ማሻሻል ይፈልጉ ነበር። በጥቅምት ወር የመጀመሪያው ሙከራ በበረዶ ዝናብ ምክንያት ጣሊያን ላይ ተቋረጠ። ሕመም እየተሰማቸው በኅዳር 6 ቀን 1935 ከባልደረባቸው ከቶሚ ፔቲብሪጅ ጋር ሌዲ ሳውዘርን ክሮስ በተባለችው አውሮፕላን እንደገና ተነሱ። ሕንድ አላሃባድ ላይ ነዳጅ ሞልተው ወደ ሲንጋፖር ሌሊቱን ሲበሩ፣ በዚያው መስመር ይጓዙ የነበሩ ሌላ አብራሪ በባሕር ላይ ሲያልፏቸው አይተናል ብለዋል። ሲንጋፖር ግን አልደረሱም። ሰር ቻርልስ በወቅቱ የ38 ዓመት ሰው ነበሩ። ባለቤታቸውንና አንድ ሕፃን ልጃቸውን ትተው አልፈዋል።

ከ18 ወራት በኋላ የአውሮፕላኗ የማረፊያ እግርና ጎማ በበርማ የባሕር ዳርቻ በምትገኝ አዬ በተባለች ደሴት አቅራቢያ ተንሳፎ ተገኘ። የአምራቹ ኩባንያ ባለሙያዎችም ከሌዲ ሳውዘርን ክሮስ የተገነጠለ መሆኑን አረጋግጠዋል። የቀረው የአውሮፕላኗ አካል ተደጋጋሚ ፍለጋ ቢደረግም አልተገኘም።

እ.ኤ.አ. በ1936 የሲድኒ አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ተሰየመ። ከ1966 ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ ድረስም ምስላቸው በአውስትራሊያ ባለ 20 ዶላር የወረቀት ገንዘብ ላይ ታትሞ ቆይቷል። የአውስትራሊያው ቃንታስ አየር መንገድ በ1954 ከሲድኒ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ መደበኛ የመንገደኞች በረራ ሲጀምር መስመሩን የደቡብ መስቀል መስመር ብሎ ጠርቶታል። በዚያ መስመር የሚበሩት አውሮፕላኖችም እንደ ቀድሞው በፊጂና በሃዋይ እያረፉ ይጓዙ ነበር። ኪት አንደርሰንና ቦብ ሂችኮክ የሞቱባት ትንሽ አውሮፕላን በ1978 ከታናሚ በረሃ ተገኝታ ቅሪቷ በአሊስ ስፕሪንግስ ለእይታ ቀርቧል። ሳውዘርን ክሮስ ደግሞ በብሪዝበን አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ በተሠራላት መታሰቢያ አዳራሽ ውስጥ፣ ሦስቱ ሞተሮቿና ሰማያዊ ቀለሟ ተጠብቀው ትገኛለች።